እማዬ «ደም ብዛትም ደም ማነስም አለብሽ» ተባለች፤ ሁለቱ አብረው እንዴት ይሆናሉ?

የእማዬ_ልጅ · ሰኞ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ስለሆነ ይቅርታ፤ ከነዙሪያው ካላወራሁት አይገባችሁም።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ደብረ ብርሃን ትኖራለች። ደም ብዛት ከተገኘባት ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ኪኒን ትውጣለች። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄጄ ፊቷ ገርጥቶ፣ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት ስላየሁ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ግፊቷ 165 በ95፣ ሄሞግሎቢኗ 9.4 ሆነ። ሐኪሙ «ደም ብዛቱ አልተስተካከለም፤ ደም ማነስም አለብዎት» ብሎ የብረት ኪኒን ጽፎ ሸኘን። ከኋላችን የነበረውን ሰልፍ ስላየሁ አልፈርድበትም።

ጣጣው የመጣው ቤት ከገባን በኋላ ነው። እማዬ ስታስብበት አድራ «ደሜ ካነሰ ደም የሚቀንስ ኪኒን ለምን እውጣለሁ?» አለችና የግፊቱን መድኃኒት ካቆመች ዛሬ አራተኛ ቀኗ። ጎረቤታችን ደግሞ ቡና ላይ «አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል፤ እንዲያውም እድለኛ ነሽ» አለቻት። ልከራከራት ስል የምለው አጣሁ። እውነት ለመናገር እኔም አልገባኝም። ያው ደም በዝቶም አንሶም እንዴት ይሆናል?

የደሴዋ_ነርስ · ሰኞ ከምሽቱ 3:32

እህቴ፣ መጀመሪያ ደውይላቸውና ነገ ጠዋት ኪኒናቸውን እንደ ድሮው ይዋጡ። የቀረባቸውን ለማካካስ ብለው ሁለት እንዳይውጡ። ቅርብ ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊታቸውን ይለኩ። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ወገን መዛል ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። 19 ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ የዚህን በሽታ ስም ያህል ያስቸገረኝ የለም። «ደም ብዛት» ሲባል ሰው ሁሉ ደሙ ሞልቶ የተረፈ ይመስለዋል። እናትሽም አንቺም እኔም ደማችን ከ5 ሊትር ብዙ አይርቅም። በዚያ ክንድ ላይ በሚታሰረው መሣሪያ የምንለካው ደሙ የደም ስሩን ግድግዳ የሚገፋበትን ኃይል ነው፤ ካርድ ላይ «ደም ግፊት» ብለን የምንጽፈውም ለዚህ ነው። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ቶሎ ይገባዋል፦ ሮቶው ሙሉ ሆኖ አራተኛ ፎቅ ጠብታ የማይወጣበት ቀን አለ፤ ሮቶው ግማሽ ሆኖ ፓምፑ ሲነሳ ደግሞ መታጠቢያው ቧንቧ የሚፈነዳበት ቀን አለ። የሮቶው ውሃና የቧንቧው ግፊት ለየብቻ ናቸው።

165 ማለት ልብ ሲኮማተር ያለው ግፊት ነው፤ 95 ደግሞ ልብ ላላ ሲል የሚቀረው። ደም ማነስ የሚባለው ሌላ ልኬት ነው፤ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ስንት ነው የሚል። ስለዚህ እናትሽ የሚውጡት ኪኒን ከደማቸው አንዲት ጠብታ አይወስድም። ግፊቱን ነው የሚያወርደው።

ጡረተኛው · ሰኞ ከምሽቱ 4:05

ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ ለዚህ ዋግምት ነበር። ደም የበዛበት ሰው ጀርባው ላይ ቀንድ ተደርጎለት መጥፎው ደም ይወጣለታል፤ ቀለል ብሎት ይሄዳል። ለደም ማነሱ ደግሞ ቀይ ስር፣ ጉበትና ቅልጥም። የዛሬ ልጆች ሁሉን በኪኒን ትላላችሁ።

የደሴዋ_ነርስ · ሰኞ ከምሽቱ 4:11

አባቴ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን ሄሞግሎቢናቸው 9.4 ከሆነ ሴት ላይ ዋግምት ማለት ያለውንም መድፋት ነው። ይኸው ስሙ ያመጣው ጣጣ! «በዝቷል» ከተባለ «ይቀነስ» የሚል መምጣቱ አይቀርም። ጉበቱን ግን አልቃወምዎትም፤ በደንብ ይብሰል እንጂ ብረት አለው።

ማይክሮስኮፕ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 1:20

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ለሥራ ከመግባቴ በፊት ትንሽ ልጨምር።

ጉሽ ጠላ በብርጭቆ ቀድታችሁ ብታስቀምጡት አተላው ይዘቅጣል፣ ጠራ ያለው ከላይ ይቀራል። ደምም እንደዚያው ነው። እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ባለበት ቱቦ ወስደን በሴንትሪፊዩጅ ስናሽከረክረው ከላይ ብርዝ የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ ይወጣል፤ ከግማሽ በላይ፣ ወደ 55 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው። ፕላዝማ ይባላል። ከዘጠና በመቶ በላዩ ውሃ ነው፤ የቀረው አልቡሚን፣ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች፣ ጨው፣ ስኳር፣ ሆርሞን፣ ወደ ኩላሊት የሚጓዝ ቆሻሻ። ከታች ቀዩ ይዘቅጣል። በሁለቱ መሃል ደግሞ ትኩር ብሎ ላላየው የማትታይ ነጭ ስስ መስመር አለች፤ ከአንድ በመቶ አትሞላም። ከበሽታ የሚዋጉት ነጭ ሕዋሳትና ቁስል የሚደፍኑት ፕሌትሌቶች እዚያች መስመር ላይ ናቸው። ሰው ቢላ ሲቆርጠው ደሙ የሚቆመው፣ ጉንፋን ይዞት የሚሻለው በዚያች ክር በምታህል ነገር ነው። ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የእናትሽ ጉዳይ ግን ከታች ያለው ቀይ ነው። ቀይ ሕዋስ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ክብ ነገር ነው፤ ኒውክለስ እንኳ የለውም፤ ቦታውን ሁሉ ለሄሞግሎቢን ሰጥቶታል። መቅኔ ውስጥ ይሠራል፣ 120 ቀን ገደማ ይዞራል፣ ሲያረጅ ጣፊያና ጉበት ይበትኑታል፤ ብረቱ አይጣልም፣ ተመልሶ ለአዲስ ይውላል። ጤነኛ ሰው በየሴኮንዱ ሁለት ሚሊዮን ያህል አዲስ ይሠራል። ስለዚህ «ደም አነሰ» ሲባል ወይ ሥራው ቀዝቅዟል፣ ወይ ጥሬ ዕቃ ጠፍቷል፣ ወይ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ያለ ጊዜው እየተሰባበረ ነው።

ጋሼ፣ ቅልጥም ይጣፍጣል እንጂ የበላነው መቅኔ ሄዶ መቅኔ አይሆንም።

የእማዬ ልጅ፣ ውጤቱ ላይ ኤምሲቪ የሚል ቁጥር አለ? ሌላም ልጠይቅሽ፦ ለጉልበት ለወገብ የሚወስዱት ማስታገሻ አለ?

የእማዬ_ልጅ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:02

ተመስገን፣ ኪኒኑን ዛሬ ዋጠች። የሮቶውን ነገር ነግሬያት ነው፤ እሷ ቤት ሮቶ ስለሌለ በእንስራ ተርጉሜላት።

ኤምሲቪ 89 ይላል። ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ ትወስዳለች፣ ለጉልበቷ። ከፋርማሲ እራሷ ነው የምትገዛው፤ ስንት ዓመቷ እንደሆነ እንጃ።

ማይክሮስኮፕ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:15

እሱን ዛሬውኑ ታቁም። ዳይክሎፌናክ ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ያደማል፣ ሲቆይ ኩላሊት ይጎዳል። ሦስቱም እናትሽ ቤት በር ላይ የቆሙ ናቸው።

ስለ 89ኙ ላስረዳሽ። ኤምሲቪ የአንዱ ቀይ ሕዋስ መጠን ነው፤ ከ80 እስከ 100 ደህና ነው። ብረት ያነሰው ሰው ሕዋሱ ብዙውን ጊዜ እያነሰ ይሄዳል፣ ከ80 ይወርዳል። የእናትሽ መጠኑ ደህና ሆኖ ቁጥሩ ነው ያነሰው። ብረት አይደለም ብዬ አልምልም፤ ግን ሰባት ዓመት የግፊት ታማሚ፣ በዚያ ላይ ዳይክሎፌናክ፣ በዚያ ላይ መጠኑ ደህና የሆነ ደም ማነስ ሳይ ዓይኔ ኩላሊት ላይ ያርፋል። ክሬያቲኒንና (ደም ውስጥ ሲበዛ ኩላሊት እንደደከመ የሚጠቁም ቆሻሻ ነው) ሽንት ታሠሪላት። ውድ ምርመራ አይደለም። ሰገራም ይታይ፤ በዓይን የማይታይ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ዝምተኛ_አንባቢ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 4:40

ይቅርታ፣ ኩላሊትና ደም ምን አገናኛቸው? ኩላሊት ሽንት አይደለም እንዴ የሚያጣራው?

ነጭ_ጋዋን · ማክሰኞ ከቀኑ 7:15

የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ይህችን ባለፈው ዓመት ፈተና ላይ ስቻታለሁና አልረሳትም።

ልብ በእረፍት ላይ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ይረጫል፤ ማለትም ደማችን በሙሉ በደቂቃ አንዴ ይዞራል። ከዚያ ውስጥ አንድ አምስተኛው የሚሄደው በሁለት ጡጫ ወደማይሞሉት ኩላሊቶች ነው። ያን ሁሉ ደም የሚያዩት እነሱ ስለሆኑ ተቆጣጣሪነቱ ለእነሱ ተሰጠ። ኦክስጅን ሲጎድል ኤሪትሮፖየቲን የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ፤ መቅኔው «ቀይ ሕዋስ ጨምር» የሚል ትእዛዝ የሚደርሰው በእሱ ነው። ኩላሊት ሲደክም ትእዛዙም ይደክማል። ብረቱ መጋዘን ሞልቶ ፋብሪካው ይተኛል።

ግፊቱንም በከፊል የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው፤ ምን ያህል ጨውና ውሃ ይቅር፣ የደም ስሮች ምን ያህል ይጥበቡ የሚለውን። የተጎዳ ኩላሊት ግፊት ይጨምራል፤ የጨመረ ግፊት ደግሞ የኩላሊቱን ቀጫጭን ደም ስሮች ይበላል። እንግዲህ ደም ብዛትና ደም ማነስ አንድ ቤት ተከራይተው አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው። ጎረቤትሽ «ይጣፋሉ» ያሉት ነገር ተገላቢጦሽ ነው፤ ይደጋገፋሉ።

ጡረተኛው · ማክሰኞ ከምሽቱ 1:30

ይህን ሳላውቅ 74 ዓመት ኖርኩ። ዋግምቱን ተውኩት። ልጄ፣ ነጭ ጋዋን፣ ልብን እስቲ እንደዚሁ አስረዳኝ። ሐኪሜ «ግፊቱ ልብዎን አወፍሮታል» አለኝ። ልብ ይወፍራል? ስብ ነው?

ነጭ_ጋዋን · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:50

አባባ፣ ስብ አይደለም፣ ጡንቻ ነው። እንዲገባዎት ግን ከስዕል የሚሻል ነገር አለ፤ የሚመጣው በዓል በግ ሲታረድ ልቡን ወደ ድስት ከመግባቱ በፊት ይያዙልኝ። የበግና የሰው ልብ አሠራር በጣም ይመሳሰላል። የሰው የራሱን ጡጫ ያህላል፤ ክብደቱ 300 ግራም አካባቢ ነው።

መጀመሪያ ከውጭ ይዩት። ስቡ መሃል የተጋደሙ ቀጫጭን ስሮች አሉ። ልብ ሙሉ ቀን በደም ተሞልቶ እየዋለ እንኳ ከውስጡ አይጠጣም፤ ምግቡ በእነዚያ ስሮች ነው የሚመጣለት። ሰው «የልብ ድካም ያዘው» ብሎ በድንገት የሚወድቅበት ነገር ብዙ ጊዜ ከእነዚያ አንዱ ሲደፈን ነው። (በነገራችን ላይ የልብ ድካም ሌላ ነው፤ ልብ ለመርጨት አቅም ማጣቱ። ይህንንም ስም አንድ ቀን እንጣላበታለን።)

ቀጥሎ በጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉት። በአንድ በኩል ልስልስ ይላል፣ በሌላ በኩል ጠንካራ ነው። ልስልሱ ቀኙ፣ ጠንካራው ግራው ነው። አሁን በስለታም ቢላ ሁለቱንም ይክፈቱ። ከላይ ሁለት ትንንሽ ጓዳ አለ፣ ደም የሚቀበሉ፤ ከታች ሁለት ትልልቅ አለ፣ የሚረጩ። በግራና በቀኝ መሃል ግድግዳ አለ፤ ጤነኛ ሰው ላይ ደም አያሾልክም። ከሰውነት የተመለሰው ደም በቀኝ ይገባል፣ ወደ ሳንባ ይላካል፣ ኦክስጅን ይዞ በግራ ይመለሳል፣ ከዚያ አኦርታ በሚባለው ትልቁ የደም ስር ወደ መላ አካል። ቀኙ የሚረጨው እዚያው ጎረቤት ወዳለው ሳንባ ስለሆነ ስስ ግድግዳ ይበቃዋል። ግራው ግን ከእግር ጣት እስከ አናት ነው የሚልከው፤ ግድግዳው የቀኙን ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ግፊት ሲበዛ ግራው በየምቱ ያንን ግፊት አሸንፎ ነው ደም የሚያስወጣው፤ ከባድ ተሸክሞ እንደሚውል ሰው ጡንቻው ይወፍራል። ሐኪምዎ ያሉት ይህንን ነው። የወፈረ ጡንቻ ደግሞ ይደነድናል፣ ደም ለመቀበል አይላላም፤ ትንፋሽ ማጠር ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

በላይኛውና በታችኛው ጓዳ መሃል ስስ መጋረጃ ያያሉ፤ በነጫጭ ክሮች ከግድግዳው ጋር ታስሯል። አንዷን ክር ሳብ አድርጉ፣ ጥንካሬዋ ያስደንቃል። እነዚህ በሮች ናቸው፤ አራት ናቸው፣ ሁለቱ ከላይና ከታች መሃል፣ ሁለቱ መውጫው ላይ። ሐኪም በጆሮው የሚሰማው «ዱብ ዳብ» የበሮቹ መዘጋት ድምፅ ነው። በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ።

እናት_ነኝ · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:20

ስለ በሮቹ ስታወራ ልቤ ዘለለ። የእህቴ ልጅ 12 ዓመቷ ነው፤ «የልብ በሯ ተበላሽቷል» ተብላ በየወሩ መርፌ ትወጋለች። ያኔ በሕፃንነቷ ቶንሲል ሲደጋግማት እንጥሏን አስቆርጠንላት ነበር። ከዚያ ነው?

የደሴዋ_ነርስ · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:45

እህቴ፣ ከመቆረጡ አይደለም፤ ግን መቆረጡ ቶንሲሉን አላዳነውም፣ በዚያ ላይ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። አንዳንዱን የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። በፔኒሲሊን ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ያንን ባክቴሪያ እዋጋለሁ ብሎ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ በር ይመታል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በግራ ያለው፣ ነጭ ጋዋን በክር ታስሯል ያለው ነው፤ ሚትራል ይባላል። መርፌው የተበላሸውን አይጠግንም፤ ሌላ ዙር እንዳይመጣ ነው የሚከላከለው። ስለዚህ «ደህና ሆናለች» ብላችሁ አንድ ወር እንኳ እንዳትዘሉ። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የሕፃናት የልብ ማዕከል ውስጥ ከሚታዩት ልጆች ስንቱ ከአንድ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም እንደጀመረ ባወቃችሁ።

ከነታንያ · ረቡዕ ከጠዋቱ 5:05

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። የእማዬ ልጅ፣ ለእናትሽ ደም መስጠት አይቻልም? እዚህ እኛ በደም ነገር ቁስል አለብን። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች የምንለግሰው ደም ኤችአይቪ ተፈርቶ በድብቅ እየተደፋ እንደነበር ጋዜጣ አወጣው። ኢየሩሳሌም በሺዎች ሆነን ሰልፍ ወጣን፤ አባቴ ያን ቀን እንዳለቀሰ ሌላ ጊዜ ሲያለቅስ አላየሁትም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ እንደኛው ከኢትዮጵያ የመጣችው የፓርላማ አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ፓርላማው ግቢ ደም ልስጥ ብላ ተከለከለች። ከዚያ ወዲህ ደም ስጥ ሲሉኝ ሁለት ስሜት ነው የሚይዘኝ።

ማይክሮስኮፕ · ረቡዕ ከቀኑ 6:30

ወንድሜ፣ የደረሰባችሁ ከባድ ነው። ኤችአይቪ በየከረጢቱ ደም ላይ ይመረመራል፤ ከየት አገር መጣህ የሚለው የምርመራ ዓይነት አይደለም።

ስለ ጥያቄህ፦ ደም የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ሄሞግሎቢን ከ7 ሲወርድ ወይም ሰውየው አደጋ ላይ ሲሆን ነው። በ9.4 መንስኤውን ማከም ይቀድማል። ዘመድ ስለሆኑ ደማቸው ይገጥማል የሚለውም አይሠራም። ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 ኤ፣ ቢ፣ ኦ የሚባሉትን ዓይነቶች ለይቶ እስኪያሳይ ድረስ ከሰው ወደ ሰው ደም መስጠት ቁማር ነበር፤ አንዱ ይድናል፣ ሌላው እዚያው ይሞታል። የገዛ ልጅም ቢሆን ዓይነቱ ካልገጠመ አይገጥምም።

ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። አየሩ ሲሳሳ የብዙ ሕዝብ ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል፤ ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩት በጣም ከፍ ይልባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ግን ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ለክቶ ወንዶቹ በአማካይ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0 ሆነው አገኘ፤ የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95 በመቶ ገደማ። ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ተመራማሪዎቹን ያስገረመው ይህ ነው። ለእናትሽ ትርጉሙ፦ ደጋ ላይ 9.4 ማለት ቆላ ላይ ካለው 9.4 አይሻልም፤ ጉድለቱ እውነተኛ ነው።

የእማዬ_ልጅ · ዓርብ ከምሽቱ 2:20

ተመልሻለሁ። ክሬያቲኒን 2.3፤ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን አለ፤ ሰገራው ንጹሕ ነው። ሐኪሙ (ሌላ ሐኪም ነው) ወረቀቱን አይቶ «ማን ነው ይህን አሠሩ ያላችሁ?» አለ። ሰው ነገረን አልኩት። የግፊት መድኃኒቷን ቀየረላት፣ ዳይክሎፌናኩን ከለከላት፣ ወደ ኩላሊት ስፔሻሊስት ሪፈር ጻፈልን። የብረት መጠኗም ይለካል፤ ሆርሞኑ በመርፌ እንደሚሰጥም ነገረን፣ እሱን ግን ስፔሻሊስቱ ይወስናል አለ።

እማዬ ሁሉንም ሰማችና «ታዲያ ኩላሊት ከሆነ ለምን ደም ብዛት ይሉታል?» አለች። ሐኪሙ ሳቀ እንጂ አልመለሰላትም።

አሁን ያስጨነቀኝ ጨው ነው። ቀንሱ ተባልን። የዓመቱ በርበሬ ግን መስከረም ላይ ከነጨው ተፈጭቶ ተቀምጧል፤ ሽሮውም እንደዚያው። ወጡ ላይ ባልጨምርም ገብቶበታል። ምን ላድርግ?

የደሴዋ_ነርስ · ዓርብ ከምሽቱ 2:41

ይህን ሐኪም አይጠይቅም፣ እናት ግን ታውቀዋለች። ያለውን በርበሬ ለቤተሰቡ ተዉት። ለእሳቸው ሁለት ኪሎ ያለ ጨው አስፈጪ፤ ሽሮውንም ለብቻ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ጨምሪበት፣ አለዚያ አይበሉልሽም። ማሰሮው ላይ ምልክት አድርጊ።

ጡረተኛው · ዓርብ ከምሽቱ 3:00

የኔንም አንድ ኪሎ ጨምሪበት ልጄ፤ ሂሳቡን እልካለሁ።